ቦራ አላረጀችም ነበር

የታጨደ ሣር በሸተተኝ ቁጥር እናደዳለሁ። አሌክሳንድሪያ አፓርትመንታችን ሥር የሣር ማጨጃው ሲነሳ መስኮቱን ጥርቅም አድርጌ እዘጋለሁ፣ ሽታው ግን ቀድሞኝ ይገባና የስምንት ዓመት ልጅ ያደርገኛል።

ያኔ አባቴና ሁለት ጓደኞቹ፣ ለፋሲካ ቅርጫ የማያውቁትን ከብት ከመግዛት ብለው፣ ከውድብሪጅ ወዲያ መሬት ተከራይተው ሦስት ላምና አንድ ኮርማ ያረቡ ነበር። የእንግሊዝኛ አስተርጓሚያቸው እኔ ስለነበርኩ ቅዳሜ ቅዳሜ ይዘውኝ ይሄዱ ነበር። ከላሞቹ ትልቋ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት ቦራ፣ በየዓመቱ ትወልድ ነበር፤ አንድም ጥጃ ሞቶባት አያውቅም። በሻካራ ምላሷ እጄን ስትልሰኝ በደስታ እጮህ ነበር።

በረዶው ሳይቀልጥ የከብት ሐኪሙ «ቦራ ወልዳ እንደገና እስክታረግዝ ኮርማውን እንዳትነኩት» ብሏቸው ነበር። ሁለቱ ወጣት ላሞች ቀድመው ወልደው፣ ዳግም አርግዘዋል፤ ቦራ ግን የወለደችው በሕማማት ሳምንት ነው። ፋሲካ ሲደርስ ጋሽ ደምሴ የሚባሉት የአባቴ ጓደኛ «ላም ታርዶ ምኑን ፋሲካ ሆነ!» አሉና የደለበውን ኮርማ አርደው ተቃረጡት።

ሰመሩን ሁሉ፣ ለክረምቱ ድርቆሽ ሣሩ ሲታጨድ፣ ቦራ አጥሩ ጥግ ቆማ ኮርማ ፍለጋ ትጮህ ነበር።

ቅጠሉ ሲረግፍ ሐኪሙ መጥቶ፣ ረጅም ጓንት አጥልቆ ላሞቹን መረመረ። ቦራ ባዶ ናት፣ አላረገዘችም። «ሰመሩን ኮርማ ነበራት?» ብሎ ሲጠይቀኝ ተረጎምኩ። አባቴ መሬት መሬት አየ።

«ነበራት በይው!» አሉኝ ጋሽ ደምሴ።

«በላነው'ኮ!»

«አንቺ ልጅ፣ ፈረንጅ ፊት ልታዋርጂን ነው? ያልኩሽን በይ!»

«የስ» አልኩ።

ኮርማ እያላት ካላረገዘች አርጅታለች፣ ክረምቱን መቀለቧ ከንቱ ነው አለ ሐኪሙ። እሱንም ተረጎምኩላቸው። በሳምንቱ አረዷት።

ዘንድሮ፣ በአሥራ ስድስት ዓመቴ፣ ለፋሲካ ሲልቨር ስፕሪንግ ጋሽ ደምሴ ቤት ተሰብስበን፣ እሳቸው «የዚያች የቦራ ሥጋ! አሮጊት! መጥረቢያ አይቆርጠውም» እያሉ ሰው ያስቃሉ። የጎረስኩትን ዋጥ አድርጌ፣

«አላረጀችም፣ ጋሽ ደምሴ። ኮርማ አልነበራትም። ነበራት ያሰኙኝ እርስዎ ነዎት» አልኳቸው።

አባቴ ቀስ ብሎ «እውነቷን ነው» አለ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፣ ንዴቴ ግን አልወጣልኝም።

ዛሬም ክሊኒክ ስንሄድ ለአባቴ የማስተረጉመው እኔ ነኝ። ያኔ በይ ያሉኝን ሁሉ እል ነበር፤ አሁን እውነት ካልሆነ «ራስህ በለው» እለዋለሁ። ለቦራ ግን ስምንት ዓመት ዘግይቻለሁ።