ጡት ለማስጣል የቆረጥኩት ቅጠል

ይህ ነገር የደረሰብኝ በሃምሳዎቹ አጋማሽ፣ ጎፋ ገና ግማሹ እርሻ በነበረበት ጊዜ ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል፤ ግን በራሴ እጅ ያመጣሁት ስለሆነ ከሐሳቤ አልወጣ ብሏል።

የመጀመሪያ ልጄ አልማዝ ሁለት ዓመት ሊሞላት ነበር። ሁለተኛውን አርግዤ ስለነበር ጡት ማስጣል ግድ ሆነብኝ። እናቶቻችን እንደሚያደርጉት ጡቴን ሬት ልቀባ አሰብኩ። ሬት ያለው ከወንዙ ማዶ ነው፤ ክረምት ስለነበር ወንዙ ሞልቷል።

ቤታችን መስኮት ላይ ግን በዱቄት ወተት ቆርቆሮ የተተከለ፣ ቅጠሉ ወፍራም፣ ጠርዙ እሾሃም የሆነ ተክል ነበረን። የሰጡኝ ጎረቤቴ እትዬ አሰለፈች ናቸው። እሳቸውም ያገኙት ይሠሩላቸው ከነበሩ ፈረንጆች ነው፤ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ትተውላቸው ሄዱ። ስሙን ጠይቄ አላውቅም። ሬት ስለሚመስል ሬት ነው ብዬ ደመደምኩ።

አንድ ጠዋት ከቅጠሉ ቆረጥኩና ፈሳሹን በምላሴ ጫፍ ቀመስኩት። እምብዛም አይመርም። ቤት ውስጥ ስላደገ ኃይሉ ቀንሶ ይሆናል ብዬ ሌላ ቅጠል ጨመርኩበት፤ ሁለቱንም ጡቶቼን አዳርሼ ቀባሁ። ለልጄ ውኃ እንኳ ሳላፈላ የማልሰጥ ሴት ነበርኩ።

አልማዝ ጡቴን እንደያዘች ለቀቀችና ጮኸች። ወዲያው ከንፈሯ አበጠ፤ ምራቋን መዋጥ አቃታት። የእኔም ገላ፣ የቀመስኩበት ምላሴ ጭምር እንደ ሚጥሚጣ ያቃጥለኝ ጀመር። እኔ ልጄን፣ እትዬ አሰለፈች ተክሉን ከነቆርቆሮው ታቅፈን በጋሪ ጤና ጣቢያ ደረስን።

በሽተኛ የሚያዩት የጤና ጣቢያው ድሬሰር አፏን እያዩ ምን እንደነካት ጠየቁኝ። ሬት ነው አልኳቸው። ቆርቆሮውን ተቀብለው አገላብጠው አዩት።

«ይሄ ሬት አይደለም። ሬት አፍ አያሳብጥም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«እሱን የምትነግሪኝ አንቺ ነሽ እንጂ። ምን እንደሆነ ሳላውቅ ምን ልስጣት?»

ወደ እትዬ አሰለፈች ዞርኩ። «እኔ ምኑን አውቄ፣ ልጄ» አሉኝ። «ውኃ አታብዢበት ብለው ነው የሰጡኝ። ስሙንስ ቢነግሩኝ በፈረንጅ አፍ እይዘው ነበር?»

ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ተሰበሰበ። አንዷ የቁልቋል ዘር ነው አለች፤ ሌላው ቃጫ ነው አለ። በመጨረሻ አንድ ከሀና ማርያም የመጡ ሽማግሌ ገበሬ ተክሉን አሸተቱ፤ ቅጠሉን በጥፍራቸው ቧጠጥ አደረጉት። እኔም ዓይን ዓይናቸውን አየሁ። «ዕድሜዬን ሙሉ ያረስኩት መሬት ይህን አላበቀለም» ብለው መለሱልኝ።

ድሬሰሩ አፏን ደጋግመው አጠቡላት። «ከዚህ በላይ የማውቀው የለም፤ ትንፋሿን እያየሽ ተቀመጪ» አሉኝ። ተቀመጥኩ። ሌላ ምን ላድርግ? ደረቷ ከፍ ሲል እኔም እተነፍሳለሁ፤ ሲዘገይ የእኔም ይቆማል። ስለት ልሳል ብዬ እንኳ ቃሉ ጠፋኝ።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እብጠቱ ጎደል ማለት ጀመረ። ምራቋን ዋጠች። ድሬሰሩም አይዞሽ፣ አልፏል አሉኝ። እኔ ግን ላባብላት ፈለግሁ፤ ሌላ ማባበያ አላውቅም ነበር። ገላዬን በሳሙና ታጥቤ ጡቴን አወጣሁላት። አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝና ፊቷን አዙራ እትዬ አሰለፈች ነጠላ ውስጥ ገባች።

ከዚያ ቀን ወዲያ ጡት አልጠየቀችኝም።

አልማዝ ዛሬ ራሷ ወልዳለች። ይህን ሳጫውታት ትስቃለች፤ «ታዲያ እማዬ፣ አስጣልሽኝ አይደል?» ትለኛለች። አዎ፣ አስጥያታለሁ። የተክሉን ስም እስካሁን የነገረኝ የለም፤ አሁን ማወቁም አያጓጓኝም። የማይረሳኝ ያን ቀን እኔን ያየችበት ዓይን ነው። ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጅ ስለነበረች፣ ሳላውቅ ነው ብዬ ላስረዳት አልቻልኩም።