የታች ሰፈር ፕላንና የክንዴ ደም

ረህማ ሸሀቡ ሰው ስትለማመጥ አይቼ አላውቅም። ወደ እኔ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ኮፒ ቤት የሚመጣው ሰው ሁሉ «እባክህ ያርጋል፣ ቶሎ በልልኝ» ሲል፣ እሷ ገና ከበሩ ላይ ሆና «ጋሽ ያርጋል፣ ተነሥና ያንን ማሽን አሙቀው» ትለኛለች። እናደዳለሁ። ግን እነሣለሁ። ደባርቅ ውስጥ እያናደደ የሚያሠራኝ ሰው እሷ ብቻ ናት።

አባቷ ከዛሪማና ከአዲ አርቃይ ማሽላ እያስመጡ እኛ ገበያ የሚሸጡ ነጋዴ ነበሩ። ሱቁን ትይዛለች ሲባል የከተማ ፕላን ተምራ መጣችና መሥሪያ ቤት ገባች። ገብታ ብታየው የከተማዋ መሪ ፕላን ጊዜው አልፎበታል። ታች ሰፈር ካርታው ላይ «መኖሪያ» ተብሎ በቢጫ ተቀብቷል። እኛ የምናውቀው ታች ሰፈር ግን በቦረቦር ጠርዝ ላይ የተንጠለጠለ ሰፈር ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ከላይ ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ ከሥሩ እየቦረቦረ አንዴ ጓሮ፣ አንዴ ሽንት ቤት፣ አንዴ ሙሉ ቤት ይዞ ይሄዳል። በጦርነቱ ቤታቸው የተቃጠለባቸው ሰዎችም መጥተው የቀለሱት እዚያው ነው። ሌላ ቦታ ማን ሰጣቸው?

ካቻምና ነሐሴ ላይ ቦረቦሩ ፈትያን ወሰዳት። ፈትያ የረህማ ታናሽ እህት ናት፤ ያባታቸው ቤት እዚያው ጠርዝ ላይ ነበር። ምጣድ ላይ አልነበረችም፣ ገበያ አልነበረችም፣ ተኝታ ነበር፤ የተኛችበት ክፍል ወለል ከነአልጋዋ ተገምሶ ገባ። በማግስቱ ከድልድዩ በታች አገኘናት። አፏን ጭቃ ሞልቶት፣ አንድ ክንዷ ከትከሻዋ ተገንጥሎ ነበር። ሬሳዋን ያጠበችው ረህማ ናት። ሌሎቹ ሴቶች «አንቺ ተይው» ቢሏት እምቢ አለች። ጭቃውን ከጥርሶቿ መሀል እያወጣች ስታጥብ እንደዋለች ባለቤቴ ነገረችኝ።

ከዚያ ወዲህ ረህማ የምታወራው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። ታች ሰፈር መነሣት አለበት፤ ለመነሣት የሚሄዱበት ቦታ ያስፈልጋል፤ ቦታ የሚገኘው አዲስ ፕላን ሲኖር ነው፤ ለፕላኑ ደግሞ ገንዘብ የለም። አንድ የውጭ ተቋም ከተሞች የረጅም ጊዜ የዘላቂ ልማት ፕላናቸውን እንዲያሻሽሉ ድጋፍ እንደሚሰጥ ሰማችና ተያያዘችው። ፕሮፖዛሉን እኔ ቤት ነው ያስጻፈችው። «ዘላቂ» የሚለውን ቃል ስንቴ እንደጻፍኩት አልነግራችሁም፤ ጣቴ ያውቀዋል።

ተቋሙ አመልካቾችን ጎንደር ላይ ሰብስቦ ማብራሪያ እሰጣለሁ አለ። በዚያ ሰሞን መንገዱ የሚያስፈራ እንጂ የሚሄዱበት አልነበረም። ረህማ ሄደች። ዳባትን አለፍ እንዳሉ መሣሪያ የያዙ ሰዎች ሚኒባሱን አስቆሙት። የማን ወገን እንደሆኑ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ሾፌሩን በጠጉሩ ጎትተው አወረዱና ጥርሶቹ አስፋልቱ ላይ እስኪረግፉ በሰደፍ ደበደቡት። አንድ ተሳፋሪ ሊሮጥ ቢሞክር ከጀርባው ተመታና ቦዩ ውስጥ ወደቀ። ታጣቂዎቹ ሲሄዱ የቀሩት ተሳፋሪዎች የተመታውን ሰው በነጠላ ተሸክመው በእግራቸው ወደ ዳባት ተመለሱ። ረህማ ዳባት አደረችና ጧት ሌላ መኪና ተሳፍራ ጎንደር ገባች። ልብሷ ላይ የሰው ደም ደርቆ ነበር አሉ።

ስትመለስ «አንቺ ጤነኛ አይደለሽም» አልኳት።

«እዚህ ብቀመጥስ ጋሽ ያርጋል፣ ጤናዬ ተጠብቆ ይቆያል?» አለችኝ።

ተቋሙ የጠየቀው ሁለት ነገር ነው። ከቦረቦሩ ጠርዝ ያሉት ቤቶች አንድ በአንድ ይመዝገቡ፤ ነዋሪዎቹም ለመነሣት ፈቃደኛ መሆናቸው ይረጋገጥ። ረህማ ሰፈሩን ሰበሰበች። ቆማ «ከዚህ ጠርዝ ትነሣላችሁ» ብላ ገና ስትጀምር፣ ወዴት እንደሚሄዱና ምን እንደሚሰጣቸው ሳትደርስ፣ ከላይ ከመናኸሪያው በኩል ተኩስ ተነሣ። ሰው እንደ ዶሮ ተበተነ። ታች ሰፈር ከስብሰባው ይዞ የተመለሰው «ትነሣላችሁ» የምትለዋን ቃል ብቻ ነበር። ተኩሱም ሳምንቱን ሙሉ አልበረደምና ሁለተኛ ስብሰባ የሚባል ነገር አልተቻለም።

ማመልከቻው የሚዘጋበት ቀን ደረሰ። ረህማ ቢያንስ ቤቶቹ ይቆጠሩ ብላ ክንዴን ይዛ ወጣች። ክንዴ የመሥሪያ ቤቱ ሜትር ያዥ ነው። ከአምቢኮ የመጣ፣ ሲስቅ ትከሻው የሚንቀጠቀጥ፣ ማንንም «የኔ ጌታ» ሳይል የማያናግር ሰው ነበር። ቤቱ ከቦረቦሩ ማዶ፣ ከታች ሰፈር ፊት ለፊት ነው። ቤቶቹ ላይ ቁጥር ለመጻፍ ቀለም ፈለጉ። መጋዘን ውስጥ የነበረው ቀይ ብቻ ነው። ደባርቅ ላልኖረ ሰው ይህ ምንም አይደለም። እኛ ግን ዋናው መንገድ የሰፋ ጊዜ ቀይ ቀለም ያረፈበት ቤት ሁሉ ሲፈርስ አይተናል። ግድግዳ ላይ ቀይ ማለት ውጣ ማለት ነው። በዚያ ላይ ጊዜው የጦርነት ነው፤ በር ላይ ምልክት ማየት ማንንም ያስደነግጣል። ረህማና ክንዴም ይህን አላጡትም፤ ረህማ ግን «ቁጥር እኮ ነው፤ ቁጥርና የማፍረሻ ምልክት ሰው ያጣዋል እንዴ?» ብላ ወጣች። ክንዴም «ቀይ ከሩቅ ይታያል፣ የኔ እመቤት» ብሎ የቀለሙን ቆርቆሮ አንጠለጠለ።

ጩኸቱን የሰማሁት ከሱቄ ነው። ስደርስ ክንዴ ጀርባውን ለአንድ የጭቃ ግድግዳ ሰጥቶ ብሩሹን እንደያዘ ቆሟል። «ቁጥር ነው፣ የኔ ጌቶች፣ ቁጥር ነው» ይላል። ድንጋይ ወረደበት። ከዚያ ዱላ። ቀለሙ ተደፍቶበት ስለነበር የቱ ደም የቱ ቀለም እንደሆነ አይለይም። ረህማ ላዩ ላይ ተወርውራ ሸፈነችው፤ የእጇን አንጓ በድንጋይ ሰባብረው ጎትተው አነሷት። ሰዎቹን ሁሉ አውቃቸዋለሁ። ወረቀት የምገለብጥላቸው፣ ለልጆቻቸው የትምህርት ቤት ማመልከቻ የምጽፍላቸው ሰዎች ናቸው። ጮህኩባቸው፣ ማን ሰምቶኝ። የክንዴ ራስ እንደ ቅል ሲሰነጠቅ ድምፁን ሰምቻለሁ። ሰው ይህን ሰምቶ ምሳውን ይበላል? እኔ በልቻለሁ፤ በራሴ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ማታውኑ የክንዴ ወገኖች መሣሪያቸውን ይዘው ከደጋው ከአምቢኮ ወረዱ። አንድ ቤት አቃጠሉ፤ አንድ ሽማግሌ ለማስቆም ገብተው ጆሯቸው በጩቤ ተቆረጠ። መሪጌታ ሀብተ ሚካኤልና ሼህ ሙጂብ ተያይዘው መሀል ባይቆሙ ኖሮ ከታች ሰፈር አንድ ሰው አይተርፍም ነበር። ሁለቱ ሽማግሎች ዳኝነቱ በድሮው ልማድ በአውጫጭ ይታይ አሉ። ሰፈሩ በሙሉ፣ ሴቱም ወንዱም፣ ከወይራው ሥር ተቀመጠና አንድ በአንድ እየተነሣ ማለ። የመታውን ያየ የለም። ፖሊስም ጠየቀ፤ መልሱ ያው ነው፤ እኔም የማንንም ስም አልጠራሁም። ረህማ ክንዷ በጀሶ ታስሮ ተጠራች።

«አይቻለሁ፤ ብዙዎች መትተውታል። የማን ምት እንደገደለው አላውቅም» አለች።

ሽማግሎቹ ፈረዱ። ገዳዩ ካልተለየ ሰፈሩ ሁሉ ገዳይ ነው። ደም ያለበት ደግሞ የሟች ቤተሰብ በር ከፍቶ ሲወጣ ፊት ለፊት አይታይም፤ ያገራችን ደንብ ነው። የክንዴ ሚስት መስከረም በሯን በከፈተች ቁጥር የምታየው ታች ሰፈርን ነው። ስለዚህ ታች ሰፈር ይልቀቅ። ለቀቁ። ቆርቆሯቸውን ነቅለው፣ ልጆቻቸውን አዝለው ከከተማው በላይ ካለው ሜዳ ላይ ሸራ ወጠሩ። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጥል ቦረቦሩ የታች ሰፈርን ጠርዝ በአንድ ከሰዓት ጠራርጎ ወሰደው። ቤቶቹ ባዶ ስለነበሩ አንድ ሰው አልሞተም።

ረህማ ያን ቀን ሱቄ ደጃፍ ቆማ ጎርፉን ስትሰማ «ክንዴ ባይሞት አንዳቸውም አይወጡም ነበር» አለች። ደስታ ይሁን ንዴት ከፊቷ ማንበብ አቃተኝ። እኔን ግን አናደደኝ። እሷ ስንት ወር የለፋችበትን ነገር ሬሳ በአንድ ቀን አስፈጸመው።

ማመልከቻውን በግራ እጇ ፈርማ በጊዜው ልካው ነበር። ሐምሌ ላይ መልስ መጣ። ተቋሙ ከተማዋን ከተመረጡት መሀል አስገብቷታል። የተቋሙ ሰዎች ነዋሪዎቹ ከአደጋው ጠርዝ መነሣታቸውን ሰምተው በጣም ተደስተዋል። የቀረው አንድ ጥያቄ ነው፤ ነዋሪዎቹን በምን ዘዴ ማሳመን እንደተቻለ በአጭሩ ይገለጽ፤ ለሌሎች ከተሞች ትምህርት ይሆናል።

የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ መልሱን ያውቀዋል፤ «በሕዝብ ውይይት» በይና ጨርሽው አላት። እኔም ይህንኑ አልኳት። ሜዳ ላይ ሰው በሸራ ሥር ርሶ እያደረ ነው፤ ፕላኑ ከተሻሻለ ቦታ ይሸነሸንላቸዋል። ክንዴ እንደሆነ አይመለስም። አንጓዋ ገና ስላልዳነ መጻፉ የእኔ ሥራ ነው። ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጬ ስጠብቃት ታላቅ ወንድሟ አነስ ገባ። አነስም ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ሜዳው ላይ ነው ያለው። ከጉልበቱ በታች ጭቃ ነው።

«በውይይት ብለሽ ጻፊው ረህማ» አላት። «ወላሂ ልጆቼ ውኃ ላይ ነው የሚተኙት። ትንሿ ማሳል ከጀመረች ከረመች።»

«እሺ» አለችው። «አንተ እትዬ መስከረም ዘንድ ሂድና ባልሽ የሞተው በውይይት ነው በላት። ስትመለስ እጽፈዋለሁ።»

አነስ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል።

«መጀመሪያ የመታሁት እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «ያባቴን ቤት ሊያፈርስብኝ መሰለኝ። እኔ ስመታው ነው ሌላው የተከተለው።»

«አይቼሃለሁ» አለችው።

«ታዲያ አውጫጩ ላይ ስሜን ለምን አልጠራሽም?»

«ወንድሜ ነሃ።»

አነስ ፊቱን በጭቃማ እጁ ጠረገ። «ስሜን ጻፊው» አላት። «እንዲህም እንዲያም ሆኜ እንቅልፍ የለኝም።»

እኔ ተቆጣሁ። ድጋፉ ይቀራል፣ ሽማግሎቹ ያቆሙት ደም ይቀሰቀሳል፣ ሁለታችሁም አብዳችኋል አልኳቸው። ረህማ አላየችኝም። «ጻፍ ጋሽ ያርጋል» አለችና እንዲህ አስጻፈችኝ፦ «ነዋሪዎቹን አላሳመንናቸውም። የሥራ ባልደረባችንን ክንዴን በድንጋይና በዱላ ገደሉት። ባገሩ ደንብ የገደለ ከሟች ቤት ፊት ስለማይኖር ሰፈሩን ለቀቁ። መጀመሪያ የመታው ወንድሜ አነስ ሸሀቡ ነው። እኔ አይቼው ደብቄያለሁ።»

በማግስቱ አነስ ከሼህ ሙጂብ ጋር እጁን ለፖሊስ ለመስጠት ሄደ። የክንዴ ወንድም ጣቢያው በር ላይ ጠብቆ ወገቡን በዱላ ሰበረው። አነስ እጁን ለመከላከል እንኳ አላነሣም። ዛሬ ታስሮ ነው ያለው፤ ሲሄድ ሁለት ሰው ይደግፈዋል። ረህማን ሚስቱ አታናግራትም። መስከረም ግን አንድ ቀን ሱቄ ድረስ መጣች። ያ ጽሑፍ ይነበብልኝ አለች፤ አነበብኩላት። የክንዴ ስም ጋ ስደርስ እንድደግመው ጠየቀችኝ፤ ደገምኩላት፤ አመስግናኝ ሄደች።

ተቋሙ በጸጥታው ሁኔታ ምክንያት ድጋፉን መስጠት እንደማይችል ጻፈ። ሜዳው ላይ ያሉት ሰዎች ክረምቱን እዚያው ጨረሱ። ብዙዎቹ ረህማን መንገድ ላይ ሲያዩ ይተፋሉ፤ አንዷ በድንጋይ ግንባሯን ፈንክታታለች። እኔም ለአንድ ወር ያህል ሰላምታ ነሥቻት ነበር።

ትናንት ግንባሯ በፋሻ እንደታሰረ ከበሩ ላይ ቆመችና «ተነሥ፣ ያንን ማሽን አሙቀው» አለችኝ። ሌላ ተቋም አግኝታለች። ያው የከተማ ፕላን፣ ያው ዘላቂ ልማት። መሀል ላይ ነዋሪዎቹ እንዴት ሊነሡ ቻሉ የሚል ጥያቄ አለ። ቀና ብዬ አየኋት።

«ያንኑ ጻፍ» አለችኝ። ጻፍኩት።