ለዋርሳዬ የለቀምኳት ነጭ እንጉዳይ

ከከሚሴ የወጣሁ ሌሊት፣ ጎረቤት ሁሉ ዱዓ ሊያደርግልኝ ቤቴን ሞልቶት ሳለ፣ ዋርሳዬ ይመር፣ የባሌ ወንድም፣ የት እንደነበር ታውቃላችሁ? ጨፋ ሜዳ ወርዶ የእርሻዬን የድንበር ድንጋይ ይነቅል ነበር። ሟቹ ባሌ የተወልኝን መሬት! ወሬው የደረሰኝ አዲስ አበባ አውሮፕላን ስጠብቅ ነው። ጉንዳን ረግጬ የማላልፍ ሴት፣ ቂሜን እንደያዝኩ ኖርዌይ ገባሁ።

እዚህ ልጄ ከድጃ ዘንድ ነኝ። የኛ ክረምት እንኳ ለመስከረም ይለቃል፣ የዚህ አገር ዝናብ ግን አይለቅም። እግሬ ቤት አይወድምና ጥዱ ጫካ ውስጥ ስዞር እውላለሁ። አንድ ቀን የበሰበሰ ግንድ ላይ አንዲት ነጭ የጅብ ጥላ አየሁ። ከአውራ ጣቴ አትበልጥም፣ ብርሃን ታሳልፋለች፣ ስነካት እንደ ረጋ እርጎ ትንቀጠቀጣለች። ከድጃ ሁልጊዜ "እማ፣ ነጭ እንጉዳይ እንዳትነኪ፣ ሰው ይገድላል" ትለኛለች። ደስ አለኝ! አድርቄ ለይመር በሰው ልልክለት በሻሼ ጫፍ ቋጠርኳት።

ግን መርዟን ማረጋገጥ አለብኝ። ገበያው ዳር ሰው የለቀመውን ሶፕ፣ እንጉዳይን እንዲያ ነው የሚሉት፣ የምትመረምር ሴትዮ አለች። ከድጃን አስከትዬ ሄድኩ።

"ትገድላለች ወይ በያት።"

ሴትዮዋ ገልብጣ አሳየችን። ሆዷ እንደ ሌላው እንጉዳይ እንደ መጽሐፍ ቅጠል የተደረደረ አይደለም፤ ጥቃቅን ለስላሳ ጥርስ ነው፣ ልክ የድመት ምላስ።

"የሞተ ጥድ ላይ፣ እርጥበት ውስጥ የምትበቅል፣ እንዲህ የምትንቀጠቀጥ ጥርሳም ሌላ የለችም" አለች በከድጃ አፍ። "አትፍሩ፣ ትበላለች።"

"አንድ ሰው ብዙ ቢበላስ?"

"ምንም አይሆንም።"

"ሽማግሌ ቢሆንስ? ሆዱን የሚያመው?"

ከድጃ ዞራ አየችኝ። "እማ፣ ለማን ነው?"

"አንቺ ዝም ብለሽ አስተርጉሚ።"

"ጣዕም እንኳ የላትም ትላለች። አንዳንዱ በማር ይበላታል አሉ።"

በማር! ለይመር ደግሞ ማር ልላክለት!

እንደተናደድኩ ደወልኩለት።

"አካም ጅርታ፣ እንዴት ነህ ይመር?"

"ፈያ፣ ደህና ነኝ እታለም" አለ ሳያፍር።

"እርሻዬስ?"

"ምን እርሻ አለ ብለሽ! ዝናቡ ቀርቶ ማሽላው ቆሞ ደረቀ።"

"አልሐምዱሊላህ!" አመለጠኝ።

"በገዛ መሬትሽ?" አለኝ።

"ሲደርቅ የኔ ሆነ?" ብዬ ዘጋሁበት።

ሰግጄ ስጨርስ ለዱዓ እጄን ዘረጋሁ። ዝናብ ብለምን የሚበላው እሱ ነው፤ ድርቅ ብለምን የሚቃጠለው መሬቴ ነው። ዝናቡ መስኮቱን ይደበድባል። እጄ እንደተዘረጋ ቀረ።