የጾም መስሎኝ የሰጠኋት ሽሮ

ባለቤቴ ባረፈ በሦስተኛው ወር ልጄ ባሕር ማዶ፣ ስቶን ማውንቴን ከተማ ወዳለው ቤቷ ወሰደችኝ። ዓመት ከመንፈቅ የሆናትን የልጅ ልጄን ቀን ቀን እንድይዝላት ነበር። ሕፃኗ ከተወለደች ጀምሮ ፒ ኬ ዩ የሚባል ሕመም አለባት።

«ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል አይሰጣትም፤ ሐኪም የሚያዝላት የራሷ ዱቄት ወተት አላት» አለችኝ ልጄ።

«ጾም ማለት ነዋ» አልኩ።

«ኦኬ እማ፣ እንደዛ በይው» ብላ ቁልፏን አንስታ ወጣች።

ሁለት ቀን ሽሮ ፈትፍቼ አበላኋት። ባለቤቴ ቢሆን የዕቃውን ጀርባ ሳያነብ ማንኪያ አያነሳም ነበር። ሽሮው ግን ከአገር ቤት በፌስታል የመጣ ነው፤ ምንም አልተጻፈበትም።

በሦስተኛው ቀን ልጄ ድስቱን አየች።

«ይሄን ለሷ ሰጠሻት?»

«የጾም ነው እኮ፣ ቅቤ አልነካውም።»

«ሽምብራና አተር ነው እማዬ። ፕሮቲን ነው።» ጫማዋን ሳታወልቅ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ክሊኒክ ወስደናት ጣቷን ወግተው ደም ወሰዱ። ውጤቱ በሁለት ቀን ይደርሳል ተባልን። የምግብ ባለሙያዋ ወረቀት ላይ እየሳለች አስረዳችኝ፤ ልጄ ተረጎመችልኝ። ፕሮቲን አሚኖ አሲድ በሚባሉ ሃያ ዓይነት ፊደላት የሚጻፍ ረጅም ቃል ነው። ሆድ ቃሉን ወደ ፊደል ይበትነዋል፤ ከሥጋ ይምጣ ከሽሮ አይጠይቅም። ከፊደላቱ አንዱ ፌኒልአላኒን ነው። ትርፉን ወደ ሌላ ፊደል የሚለውጥ ኢንዛይም አለ። እሱም ራሱ ፕሮቲን ነው፤ በልኩ ተጣጥፎ ቅርጽ ካልያዘ አይሠራም። በሕፃኗ ላይ ፊደል ስለተሳሳተ እጥፋቱ ተበላሸ፤ «ታመነ» ብለው ሲጽፉ የመጨረሻዋ ፊደል ብትሳሳት «ታመመ» እንደሚሆነው። ያልተለወጠው ፌኒልአላኒን ደም ውስጥ እየተጠራቀመ አንጎልን ይጎዳል። ስለዚህ አትክልቱም ሳይቀር በግራም ተመዝኖ ነው የሚሰጣት።

የሚጎዳው ሲቆይ እንጂ በሁለት ቀን አይደለም ብላኛለች ባለሙያዋ። አላመንኳትም። ሕፃኗ «ኳስ» ማለት ታውቅ ስለነበር ቃሉ እንዳይጠፋባት ፈርቼ ኳሷን ደጋግሜ አሳየኋት። ሦስት ጊዜ አለች፤ በአራተኛው ዝም ብላ አየችኝ። ሰልችቷት ይሁን ሌላ፣ የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም።

ውጤቱ የመጣ ዕለት ልጄ ከሥራ ቦታዋ ደወለች።

«ከፍ ብሏል እማ። ግን ይወርዳል ብለዋል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይደገማል።»

«ነገስ ማን ይይዛታል?»

«አንቺ ነሻ። እኔ ሺፍት አለኝ።»

ስልኩን ዘግቼ ለምሳዋ ዱባ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩ። ቁጥሩን አነበብኩ። አንስቼ እንደገና መዘንኩ።