ግፊት ለካልን

ይህ ታሪክ መጻፍ የሚገባው መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። ተኩስ የለበትም፤ ያለው ጎፋ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ እጅጌያቸውን ሰብስበው የተቀመጡ ሦስት ሴቶች ብቻ ነው።

የምህንድስና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። መምህራችን ርዕስ በዕጣ ሲያከፋፍሉን፣ ለእኔ የደረሰኝ ጥይት ሲተኮስ ጠመንጃው ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት በምን በምን እንደሚለካ ማነጻጸር ነበር። ጠመንጃ በቅርብ ያየሁት ባንክ በር ላይ፣ ጥበቃው ትከሻ ላይ ነው። ቢሆንም አብሬያት በምኖረው አክስቴ ሳሎን ውስጥ እየተንጎራደድኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ አጠናሁ። አክስቴ ከወጥ ቤት የሰማችው «ግፊት መለካት» የሚለውን ብቻ ኖሯል። ለጎረቤቱ ሁሉ አወራች።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ጎረቤቶች የደም ግፊታቸውን ሊያስለኩ መጡ። ነገሩ ስለ ጥይት መሆኑን ላስረዳ ስል አክስቴ ጆሮዬ ላይ፣ «ሰው ጠርቼ እንዳታሳፍረኝ» አለችኝ። ስለዚህ ያለኝን አቀረብኩ። በአንደኛው ዘዴ ጠመንጃውን በስተው ትንሽ የመዳብ ቁራጭ ያስገባሉ፤ ሲተኮስ ምን ያህል እንደተጨፈለቀ ይለካሉ። ሁለተኛውም ይበሳል፤ በመዳቡ ፋንታ ግን ሲጫኑት ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ክሪስታል ይገባል። ሦስተኛው አይበሳም፤ ቀጭን ሽቦ ከውጭ ይለጠፍና ብረቱ ሲለጠጥ ሽቦው አብሮ መለጠጡ ይነበባል።

በዕድሜ ትልቋ፣ ምድር ቤት የሚኖሩት እማማ፣ በጥሞና ሰምተው ፈረዱ።

«ሁለቱ መርፌ ናቸው፤ ይቅሩብኝ። ሦስተኛውን እሰርልኝ።»

የማስረው ስላልነበረኝ ሦስቱንም ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። ነርሷ የእማማ ክንድ ወፍራም ስለሆነ ሰፊውን መጠቅለያ አመጣች፤ በጠባቡ ከተለካ ውሸት ያነባል አለች። የሦስቱም ደህና ሆነ። ለወጉ እኔንም ለካችኝ። ከሁሉም ከፍ ያለው የእኔ ነበር። ስንመለስ እማማ ክንዴን ደግፈው ደረጃውን አወጡኝ።

ፕረዘንቴሽኑ ላይ መምህሩ የሦስተኛውን ዘዴ ድክመት ጠየቁኝ። አልተዘጋጀሁበትም። ያኔ የእማማ ክንድ ትዝ አለኝ፤ የብረቱ ውፍረት በትክክል ካልታወቀ ውሸት ያነባል አልኩ። መምህሩ ደስ ብሏቸው ከየት እንዳነበብኩት ቢጠይቁኝ፣ ከጎረቤት አልኳቸው።

ሰፈር ውስጥ ግን «ዶክተር» መባሌ አልቆመም፤ እጅጌውን ሰብስቦ በራችንን የሚያንኳኳ አልጠፋም። በመጨረሻ ቀጣዩ የዕጣ ርዕሴ ድልድይ መሆኑን ስነግራት፣ አክስቴ ራሷ ደረጃው ላይ ወጥታ፣ «ግፊቱን ጨርሷል፤ አሁን ወደ ድልድይ ተዛውሯል» ብላ አሰናበተቻቸው። ሰኔ 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር።