ቅቤ የተቀባው ቅጠል

ለጋ ቅቤ በሸተተኝ ቁጥር የጉለሌው ቤታችን ሳሎንና አንድ የታኅሣሥ ከሰዓት በኋላ ይመጡብኛል። እናቴ መስኮቱ አጠገብ፣ አባቴ የበሩ ደፍ ላይ፣ ታላቅ ወንድሜ ከሶፋው ጀርባ፣ እኔ ከእናቴ ቀሚስ ኋላ ቆመን ነበር። ሲስተር አልማዝ መሃል ላይ ቆማ ተክሏን ታያለች። ወደ ሌላ ከተማ ተዛውራ ዕቃዋን ልትወስድ መምጣቷ ነበር።

ሲስተር አልማዝ ጓሯችን ያለችውን አንዲት ክፍል የተከራየች ነርስ ነበረች። ሰኔ ላይ ለሥራ ወደ ክፍለ ሀገር ስትላክ፣ በዘይት ቆርቆሮ የተተከለ፣ ቅጠሉ እንደ ሰፌድ የሰፋና ጠርዙ የተሰነጣጠቀ፣ ቁመቱ ከአባቴ የሚበልጥ ተክል ሳሎናችን አስገብታ፣ እናቴን «እትዬ፣ ሟች እናቴ የተከለችው ነው፤ አደራ» አለቻት። እናቴም ከዚያ ቀን ጀምሮ አደራ በላ ላለመባል ስትል ከእኛ ከልጆቿ ባላነሰ ትጠብቀው ነበር።

ክረምቱን ምንም አልሆነም። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ሲበረታ ከመስኮቱ አርቃ፣ ቆርቆሮውን በአሮጌ ጋቢ ትጠቀልለው፣ ውሃ ከማጠጣቷ በፊትም ጣቷን አፈሩ ውስጥ ከትታ እርጥበቱን ታይ ነበር። አባቴ «እኔን ሲበርደኝ ማን ጠቀለለኝ?» እያለ ያሾፍባት ነበር።

መስከረም አልፎ ፀሐይዋ ስትጠነክር የቅጠሎቹ ጠርዝ መድረቅ ጀመረ። እናቴ የደረቀ ነገር ሁሉ መድኃኒቱ ቅቤ ነው ብላ የምታምን ሴት ስለነበረች፣ የእኔን ፀጉር ከምትቀባበት ለጋ ቅቤ በጥጥ ወስዳ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ አሸቻቸው። አብረቀረቁ። ጎረቤት ሁሉ ስላደነቀላት በየሳምንቱ ትደግመው ጀመር። ኅዳር ሲታጠን ግን፣ ሰፈሩ በሙሉ ቆሻሻውን አውጥቶ ሲያቃጥል፣ ጭሱ በመስኮት ገብቶ ቅቤው ላይ ተጣበቀ፤ ቅጠሎቹ ጥቀርሻ መሰሉ፣ ከዚያም ቢጫ እየሆኑ ይረግፉ ጀመር። የሲስተር አልማዝ መምጫ ሲቃረብ እናቴን እህል አልበላ አላት።

ሲስተር አልማዝ ከቀሩት ቅጠሎች አንዱን ነክታ ጣቷን አሸተተች።

«እትዬ፣ ቅቤ ነው እንዴ?»

«ደርቆብኝ እኮ ነው... የሚበጀው መስሎኝ።»

«ከእኔ ሽሮ ላይ እየቀነሰች ነው የቀባችው» አለ አባቴ።

ሲስተር አልማዝ ለብ ያለ ውሃና ሳሙና ጠይቃ፣ እጅጌዋን ሰብስባ ቅጠል በቅጠል ማጠብ ጀመረች። «ቅጠል የሚተነፍሰው በገላው ነው» አለችን፣ ያለ ቁጣ። እናቴ ጨርቁን እየጨመቀች ታቀብላት ነበር። እኔ ዛሬ ሳሎኔ ያለውን ትልቅ ተክል ቅዳሜ ቅዳሜ በእርጥብ ጨርቅ ብቻ እጠርገዋለሁ፤ ልጄ ቅጠል እንዲያብረቀርቅ የሚረጭ ፈሳሽ እንደሚሸጥ ብትነግረኝም አልገዛሁም።

ያን ቀን አጥበው ሲጨርሱ ሲስተር አልማዝ ቢላ ተቀብላ፣ የግንዱን ጫፍ ከጎኑ በአየር ላይ ከወጡት ሥሮችና ከሁለት ቅጠሎች ጋር ቆርጣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለችው።

«ቀሪውስ?» አለች እናቴ፣ «የሚሸከም ሰው ልጥራልሽ?»

«እሱ የእርስዎ ነው፤ ያቆጠቁጣል።»

«ኧረ አደራሽ ነው!»

«አደራዬን ይዣለሁ፣ እትዬ።»

አባቴ ከደፉ ላይ ገለል አለላት፤ ወጣች።