ለእናቴ ወገብ የተለካ መደብ

ወንድሜ ከመሄዱ በፊት እናቴን ግቢው መሀል ቀጥ ብላ እንድትቆም አደረጋት። አንድ በትር አጠገቧ አቁሞ ከወገቧ ትንሽ ዝቅ ብሎ በቢላ ምልክት አደረገ። ከምልክቱ በላይ ያለውን ቆርጦ ጣለው።

«ልብስ ልትሰፋልኝ ነው?» አለችው።

«የጎመን መደብ ነው የምሠራልሽ። ከዚህ አይበልጥም፣ ከዚህ አያንስም።» በትሩን ለእኔ ሰጠኝ።

እናቴ ከሮቢ ወንዝ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ወድቃ ወገቧን ከተጎዳች ወዲህ ማጎንበስ አትችልም። ጓሮዋን ከተወችው ሁለት ክረምት አልፎ ነበር። ጎመን ከገበያ ይዘን ስንመጣ አገላብጣ ታየውና ትተወዋለች። ወንድሜ ማጀቴ ከተማ አካባቢ የእርሻ ልማት ሠራተኛ ነበር። ለገበሬዎቹ የሚያስተምረውን እቤት ሲመጣ እኛ ላይ ይሞክራል። እሷ ማጎንበስ ካልቻለች መደቡን ከፍ ማድረግ ነው አለ። ሁለታችን ከወንዙ ዳር ድንጋይ በጆንያ እየተሸከምን ካብ ካብን። ርዝመቱ አምስት ክንድ፣ የውስጡ ስፋት አንድ ክንድ ከስንዝር፣ ቁመቱ በበትሩ ልክ። ካቡ እንዳለቀ ለብሔራዊ ውትድርና ተጠራ። ውስጡ ባዶ ነበር።

የሚወስደው መኪና እስኪነሳ እንዴት እንደምሞላው ነገረኝ። በጣቱ እየቆጠረ። «ከታች ግንድ። የበሰበሰ ቢሆን ይሻላል። ግንዱ ውሃ ይዞ ያቆያል፤ በእኛ ሙቀት አፈር ብቻውን በሦስት ቀን ድርቅ ነው የሚለው። በላዩ ቅርንጫፍ። ከዚያ የማሽላ አገዳና ገለባ። ከዚያ ፍግ። አፈር መጨረሻ። በል ድገምልኝ።»

ደገምኩለት። ገለባውን ረሳሁ። ራሴን በኩርኩም መታኝና እንደገና አስባለኝ።

አልሞላሁትም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ነገ፣ ከነገ ወዲያ ስል ወራት ሄደ። ዶሮዎች ካቡ ውስጥ እንቁላል መጣል ጀመሩ።

ይህን መጻፍ ይከብደኛል። ግን ልጻፈው።

ከሰሜን ጦር ግንባር የወንድሜ ደብዳቤ ይመጣ ነበር። እናቴ ፊደል ስለማታውቅ የማነብላት እኔ ነኝ፣ የምትለውን የምጽፍላትም እኔ ነኝ። በእያንዳንዱ ደብዳቤ መጨረሻ ለእኔ አንድ መስመር አለች። «መደቡ ተሞላ?» የመጀመሪያውን ዝም አልኩ። ሁለተኛው ሲመጣ አፈርኩ። ከእናቴ ሰላምታ ሥር «ተሞልቷል። እማዬ ቆማ ጎመን ትቀነጥሳለች» ብዬ ጻፍኩ። እሱ ሳይመለስ እሞላዋለሁ ብዬ ነው። ስለ ጎመኑ መልስ ሲጽፍ ያንን ቦታ ለእናቴ ዘልዬ አነበብኩላት። የመጨረሻው ደብዳቤ ላይ ደግሞ እንዲህ አለ፤ «የበልጉ ዝናብ ሲመታው ይወርዳል፣ አትደንግጡ። ስንት ስንዝር እንደወረደ ለክተህ ጻፍልኝ።» ምን ብዬ ልጻፍ። የፈተና ሰሞን ነበር፣ በዚያ አሳበብኩ።

ሚያዝያ ውስጥ አንድ ማለዳ ሦስት ሽማግሌዎች በራችንን አንኳኩ። እናቴ ማን እንደሆኑ ስታይ ምን እንደመጣ አወቀች። ከዚያ ቀን ሌላ የምጽፈው የለኝም።

የወንድሜ አስከሬን አልመጣም። ፎቶግራፉንና አንድ ኮቱን ይዘን አለቀስን። በእኛ ሰፈር ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ አይመጣም። ሴቶቹ እንጀራ፣ ወንዶቹ እንጨት ይዘው ይመጣሉ። ሰው ሲያልቅና ድንኳኑ ሲፈርስ አንድ ወፍራም የግራር ግንድ አጥሩ ሥር ተጋድሞ ቀረ። መጥረቢያ ያልበገረው ነው። ልፈልጠው ስነሳ እናቴ ከደጃፍ ጠራችኝ።

«በእሱ ለቅሶ የመጣ እንጨት ወጥ አልሠራበትም።»

«እንግዲያው አውጥቼ ልጣለው።»

«አይጣልም።»

ከዚያ በኋላ ደጅ ስትቀመጥ ለግንዱ ጀርባዋን ሰጥታ ነው። እኔ ደግሞ የትም ብቀመጥ ግንዱና ባዶው ካብ አንድ ላይ ይታዩኛል። የማይነድ፣ የማይጣል ግንድ የት ይገባል? ሰኔ እስኪገባ አሰብኩት ብል ውሸት ነው። ወዲያው ነው የገባኝ። መነሳት ነው ያቃተኝ።

ግራሩ ብቻውን አይሞላውም፣ የበሰበሰም አይደለም። ያለፈው ክረምት ጎርፍ አምጥቶ ወንዙ ዳር የጣላቸው የሾላ ግንዶች ነበሩ። ለመሸከም ብሞክር አልቻልኩም። ግመል ያላቸውን ሙስሊም ጎረቤታችንን ለመንኩ። ሽማግሌ ናቸው፣ ነገር ይወዳሉ። ወንዙ ዳር ደርሰን ግንዱን ሳሳያቸው በዱላቸው ወጋ ወጋ አደረጉት።

«ይሄ እኮ በስብሷል። አይነድልህም።»

«ለማገዶ አይደለም ጋሼ። አፈር ውስጥ ላስገባው ነው።»

«አሥራ ሁለት ዓመት ተምረህ እንጨት መቅበር ነው የያዝከው?»

«ወንድሜ ነው እንዲህ አድርግ ያለኝ።»

ዱላቸውን ከግንዱ ላይ አነሱ። «እንግዲያው ትንሹን ተወው፣ ትልቁን እናምጣ» አሉ።

ግመሉ ተንበርክኮ ግንዱ ሲጫንበት አጉረመረመ። «እንዳንተው ነው፣ ሥራ ሲያይ ያለቅሳል» አሉኝ። ሦስት ጊዜ ተመላለስን። ሲሄዱ ምስጥ እንዳይበላው በየድርድሩ አመድ እንድበትን መክረውኝ ሄዱ። ያንን ወንድሜ አልነገረኝም ነበር።

የቀረውን ብቻዬን ሠራሁት። አራት ቀን ፈጀ። ዶሮዎቹን አስወጣሁ። የግራሩን ግንድ በገመድ ጎትቼ በካቡ ላይ አሳልፌ ወደ ውስጥ ሳወርደው መሬቱ ድም አለ። የሾላውን ግንዶች ከጎንና ከጎኑ ደረደርኩ። በላዩ ቅርንጫፍ። ሙቀቱ ካቡ ውስጥ ይታፈናል። ጎንበስ ስል ዙሪያዬን የሚታየኝ ድንጋይ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ሳላስበው ጮክ ብዬ «ከዚያ የማሽላ አገዳና ገለባ» አልኩ። በጣቴ እየቆጠርኩ ነበር። የሚደግምልኝ፣ ተሳሳትክ የሚለኝ ሰው የለም። ወጥቼ ካቡ ላይ ተቀመጥኩና ውሃ ጠጣሁ። እናቴ ከደጃፍ ታየኛለች። ግንዱ ካለበት ከተነሳ ጀምሮ ፊቷን ወደ ጓሮው አዙራ ነበር የምትቀመጠው።

ፍጉን ከጎረቤት በረት አመጣሁ። በአራተኛው ቀን አፈሩ ከካቡ ጫፍ እኩል ሆነ። እናቴ ግድግዳውን እየያዘች መጣች። ሁለት እጇን አፈሩ ላይ አሳረፈች። ሳታጎነብስ።

«ልክ ነው» አለች።

ችግኝ ከጎረቤት ለምና ቆማ ተከለች። ሃያ ምናምን የጎመን ችግኝ። ደስ ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ደስ አላለኝም። የጻፍኩለት ነገር እውነት ሆነ፣ ግን ለማን?

ሐምሌ ሲገባ ሦስት ቀን በተከታታይ ዘነበ። በአራተኛው ቀን ጠዋት እናቴ ጠራችኝ። «ና እይ። ተበላሸ መሰለኝ።» ጎመኖቹ ገንዳ ውስጥ የገቡ ይመስል ወደ ታች ወርደው ቆመዋል። እጇን ስትዘረጋ አትደርስባቸውም።

«አልተበላሸም» አልኳት። «ይወርዳል። ከሥሩ ያለው ገለባና ቅርንጫፍ ሲተኛ ይወርዳል።»

ገብቼ በትሩን አመጣሁ። በካቡ ላይ አጋደምኩትና ከበትሩ እስከ አፈሩ በእጄ ለካሁ። አንድ ስንዝር ከአራት ጣት። እንደገና ለካሁ። ያው ነው። እጄን እዚያው እንደዘረጋሁ ቀረሁ። የጠየቀኝ ይህንን ነበር። አሁን መልሱ አለኝ።

«ምን ሆንክ?» አለችኝ።

«እማዬ፣ እሱ እያለ ተሞልቷል ብዬ ጽፌለት ነበር።»

«ምኑ?»

«መደቡ። ቆማ ጎመን ትቀነጥሳለች ብዬ ጻፍኩለት። ዶሮ ሲተኛበት።»

ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

«እሱ ምን አለ?»

«እ?»

«ይህን ስትጽፍለት ምን አለ? መልስ አልጻፈም?»

«ጽፏል።»

«ለእኔ አላነበብክልኝም።»

«አላነበብኩልሽም።»

«አምጣው።»

ደብዳቤውን ከመጽሐፌ መሀል አወጣሁት። በመደቡ አጠገብ ቆማ፣ አንድ እጇን ካቡ ላይ አድርጋ ሰማችኝ። የዘለልኩት ቦታ ስድስት መስመር ነው። «እማዬ ቆማ ጎመን መቀንጠሷን ለጓደኞቼ ነገርኳቸው። አንዱ አላምንም አለኝ፣ ጎመን ጠረጴዛ ላይ ይበቅላል ወይ አለኝ። ስመጣ አሳይሃለሁ ብዬዋለሁ። እማዬን ጎመኑን ስትቀቅል ጨው እንዳታበዛበት በላት። በጣም ደስ ብሎኛል።»

«ጨው አበዛለሁ?» አለች።

«አንዳንዴ።»

«አላበዛም።» ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ድገመው።»

ደገምኩላት። ይህን ጊዜ አንድም ቃል አልዘለልኩም። ስጨርስ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችና አጣጥፋ ጡቷ ሥር ከተተችው።

«ስንት ነው የወረደው ያልከው?»

«አንድ ስንዝር ከአራት ጣት።»

«በል ችግኙን ነቅለን ሳፋ ላይ እናቆየው። ፀሐይ ሳትበረታ አፈር አምጣ።»

ጆንያውን ይዤ ወንዙ ዳር ወረድኩ። ስመለስ በትሩን በካቡ ላይ አጋድማ፣ በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። የመጀመሪያውን ጆንያ ገለበጥኩ። አንገቷን ዘንበል አድርጋ ከበትሩ ሥር አየች።

«ገና ነው» አለች።